ዘጠና ሰባት ትር

ዝናብ ከወንዙ ጋር ሲያወጋ በሚያድርበት፣
በደቡብ ቺሌ ዳር፣ ቫልዲቪያ በሚሏት፣
ከዓሣ ገበያው ፊት ኤርሲሊያ ትኖራለች፣
የሰው ሂሳብ ሞልታ የራሷን ያጎደለች።

ሦስት መስኮት አላት፦
አንዱ ከግድግዳው፣ መዝጊያው አልገጥም ያላት፣
ሁለቱ ከስክሪኑ፣ መዝጋቱ የጨነቃት።
በነዚህ በሁለቱ ዘጠና ሰባት ትር
ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሲደረደር፣
ስማቸው ተቆርጦ ቀረ አንድ አንድ ፊደል፤
አንዱ «ጣ» ይላታል፣ ሌላው «ጉ» ይላል፣
አንዱ ምንም አይል።

ቅዳሜ ማታ ነው። «ዛሬስ ይለይልኝ፣
ወይ እኔ ልግዛቸው፣ ወይ እነሱ ይግዙኝ!»
ብላ ተቀመጠች።

ቀዩን ለግብር ሰጠች፣ ለደረሰኝ ሁሉ፣
ለዓሣ ነጋዴዎች፣ «ነገ» ለሚሉ።
ሰማያዊ ለጣሪያው፦ ቆርቆሮ፣ ምስማሩ፣
ስልክ የማያነሡ የአናጢዎች ቁጥሩ።
አረንጓዴ ለጉልበት፣ ደረጃ ለሚፈራው፤
ለሌላው ጉልበቷ ቀለም አልተረፈው።

የጉልበት ማሰሪያው ደረሰኝ ደግሞ አለ፤
ቀይ ነው? አረንጓዴ? ልቧ ተከፈለ።
ከመስኮት ወደ መስኮት ሦስቴ ጎተተችው፣
ሦስቴ ተመለሰ፣
ከመሀል ተወችው።

የቀረው ግራጫ ነው። ስም አውጪልኝ ሲላት
ጠቋሚው በጥቅሻ፣ ስም ማውጣት ቸገራት።
ምን ትበለው? ዕዳ? ሕልም? እርጅና? ጣጣ?
የሚሸጥ ቁራሽ መሬት፣ ወደ ባሕሩ የወጣ፤
በኦሶርኖ ከተማ አንድ ሽማግሌ፣ አኮርዲዮን ጠጋኝ፣
«እሁድም አለሁኝ፣ አንኳኩ» የሚል ቃለኛ፤
ሀዲዱ የተነቀለ ባቡር መነሻ ሰዓት፤
አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ኮንሴፕሲዮን ያለ፣
ዛሬ ራሰ በራ፣
ያኔ ግን... ይቅር።

«ምናልባት» አለችው። አርባ ሁለት ትር
በአንዲት ቃል ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ሲቀር፣
ደረቷ ውስጥ ደግሞ አንዱ ትር... ትር... ትር...
እሱን በየት ቡድን፣ በምን ቀለም ትቁጠር?

ከሌሊቱ ስድስት ንፋስ ከወንዙ ዘለለ፤
መብራት ሄደ።
ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣
ስክሪኑ እንደ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።
ታች ከገበያው ዳር የባሕር አንበሶቹ
ያጓራሉ፣ የዓሣ አንጀት ቀለብተኞቹ።
ከጣሪያው ጠብታ፦ ጠብ... ጠብ... ከድስቱ፤
እሱስ ቡድን አለው፣ ሰማያዊ ነው ቤቱ።

ሲነጋ መብራት መጣ። ስክሪኑም ጠየቃት፦
«ድንገት ነው የተዘጋሁ። ሁሉን ልመልስ ካለበት?»

ጣቷን አነሣችና አየር ላይ አቆየችው።
ከዚያ አሮጌ ደረሰኝ በጀርባው ገልብጣ፣
እርሳስ ይዛ፣ «እስቲ ሳላይ ምን ይመጣ?»
ግብር ይቀድማል ስትል፣ ወይ ጣሪያ፣ እጇ ጻፈ፦
«ኦሶርኖ። ሽማግሌው።
አኮርዲዮኑ ሁለት ቁልፍ አይጮህም።»
ቀጥሎ ጣሪያ። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ ዝም።
የጥርስ ሐኪሙን ስም ጀምራ ጠፋባት፣
ፊደሉን ስትፈልግ ሳቅ አመለጣት።

«መልስ» የሚለውንም በኋላ ነካችው፤
ግብሩ ሰኞ ነዋ፣ ወዴት ትሽሸው?
ዘጠና ሰባቱም ሰልፋቸውን ይዘው
ተመለሱ፣ ቀዩም ቀይ፣ ግራጫውም ያው።

ወረቀቷን ግን አጣጥፋ ኪሷ ከታ፣
ሳጥኑን ከአልጋው ሥር በአቧራው ጎትታ፣
የግድግዳውን መስኮት በገመድ ሸብባ፣
ለአራት ሰዓቱ አውቶብስ ካፖርት ደርባ
ደረጃውን ወረደች፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣
ጉልበቷን ይዛ።